አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሲስተም፦ ዊንዶውስ ከሜኑው የጠፋበት ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ኮምፒውተር ስለምጠግን "ዊንዶውሴ ጠፋ" የሚል ጥሪ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኛው ሳይመዘገብ የሚረሳ ነው። ይሄኛው ግን ሦስት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ማሽን፣ ሁለት የማይግባቡ የአነሳስ መንገዶች፣ በመጨረሻ ደግሞ እኔን ራሴን ያሳሳተ የሰዓት ጣጣ ነበረበት። ከነስህተቴ ጽፌዋለሁ። የሰዎቹንና የቢሮውን ስም ትቻለሁ።

ማሽኑና ሰዎቹ

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ነው። ባለቤቷ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው። ሁለት ሠራተኞች አሏቸው። የእህታቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ማታ ማታ እዚያው ቢሮ እየመጣ ያጠናል።

ኮምፒውተሩ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ ነው። 8 ጊጋባይት ራም እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ዲስኩ ላይ ሁለት ዊንዶውስ ተጭኗል። ዊንዶውስ 7 ያለው ለፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው) እና ለአንድ አሮጌ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ነው፤ የፕሪንተሩ ድራይቨር ከዚያ በላይ አይሄድም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ለኢንተርኔት ነው። ክሮም በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ላይ ዊንዶውስ 7ን ስለተወ የግብር ሥራቸውን በእሱ መሥራት አልቻሉም። ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊው የዊንዶውስ ሜኑ ይመጣል፣ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ለዓመታት እንዲሁ ሠርቷል።

ጊዜው ሐምሌ 2016 ዓ.ም ነበር። ሐምሌ ያኔ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የሚያሳውቁበት ወር ስለነበር ቢሮው በሰው ይሞላ ነበር።

የተፈጠረው ችግር

ልጁ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ገዝቶ ማሽኑ ውስጥ ገጠመ። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ አዘጋጅቶ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫነው። የአክስቱን ዲስክ አልነካም። ይሄን ደጋግሞ ነው የነገረኝ፤ እውነቱንም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት በቀጥታ ኡቡንቱ ውስጥ ገባ። ሜኑ የለም፣ ዊንዶውስ የለም፣ ፒችትሪ የለም። ለአንድ ባለሙያ ስልክ ሲደውሉ "ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይጫን" ተባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ የደወሉት። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "የስንት ሰው ሒሳብ ነው እዚያ ውስጥ ያለው፣ አደራህን" አሉኝ። እስክደርስ ማንም ምንም እንዳይነካ ነገርኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ጥገና "ፎርማት" ለራስ ምታት እንደሚሰጥ ፓራሲታሞል ሆኗል። ያላየነውን ማሽን በስልክ ፎርማት አናዝም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ዳታው አለ ወይ?

ኡቡንቱ ውስጥ ገብቼ የዲስኮቹን ዝርዝር አየሁ። 500 ጊጋባይቱ ዲስክ ከነሦስት ፓርቲሽኑ (የዲስክ ክፍልፋይ) አለ። ትንሿ የሲስተም ፓርቲሽን፣ የዊንዶውስ 7ቱ፣ የዊንዶውስ 10ሩ። የፒችትሪን የካምፓኒ ፎልደር ከፍቼ አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቀጥሎ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁትና ኤፍ12ን ነካሁ። የቡት ሜኑው ሲወጣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ መረጥኩ። ሰማያዊው የዊንዶውስ ሜኑ እንደ ድሮው መጣ። ከገባሁ አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ሥራ ቀጠሉ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ሁለት ዲስክ ላለው ሰው ኤፍ12 ከበቂ በላይ መፍትሔ ነው፣ አይበላሽምም። እዚህ ቢሮ ግን ሦስት ሰው ማሽኑን ይከፍታል፣ መብራት በቀን ሁለቴም ይጠፋል። በተከፈተ ቁጥር ቁልፉን በትክክለኛዋ ሰከንድ መንካት ለሠራተኞቹ አልሆነላቸውም። ሁሉንም የያዘ አንድ ሜኑ ይምጣልን አሉ።

ምርመራው

ኡቡንቱን የሚያስነሳው ግራብ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ላይ ያገኛቸውን ሲስተሞች ዘርዝሮ "የቱን?" ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው። ታዲያ ለምን አልጠየቀም?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነበር። በፈረንጆቹ 2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር ለደኅንነት ሲባል ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ኡቡንቱ 22.04 ያለው ይሄው 2.06 ነው። በግራብ ሴቲንግ ፋይል ውስጥ ፕሮበሩን የሚዘጋውን መስመር "ፎልስ" አድርጌ ሜኑውን እንደገና አስወጣሁት።

ዊንዶውስ አሁንም የለም።

ልጁ አጠገቤ ቆሞ "ጋሼ፣ እኔም ማታ ይሄንን ሞክሬ ነበር፣ እንቢ አለኝ" አለኝ። ያኔ ነው ትክክለኛው ጥያቄ የመጣልኝ፦ ሁለቱ ወገኖች የሚነሱት በአንድ መንገድ ነው ወይ?

ኮምፒውተር የሚነሳበት መንገድ ሁለት ነው። አሮጌው ሌጋሲ ባዮስ ይባላል። ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል። ሴክተሩ 512 ባይት ነው፤ 446ቱ የማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ የአራት ፓርቲሽን ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ደግሞ ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። አዲሱ ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ ሴክተር አያነብም። በፋት32 የተሠራ ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ገብቶ የማስነሻ ፋይሉን እንደ ማንኛውም ፋይል ይከፍታል።

ኡቡንቱ በዩኢኤፍአይ መነሳቱን ለማወቅ ሲስ በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ፈርምዌር ውስጥ፣ ኢኤፍአይ የሚል ፎልደር መኖሩን ማየት ይበቃል። ነበረ። በዊንዶውስ በኩል ኤምኤስኢንፎ32 ብዬ ሳስነሳ "ባዮስ ሞድ፦ ሌጋሲ" አለኝ። ነገሩ ተገለጠ። በዩኢኤፍአይ የተነሳ ግራብ በሌጋሲ የተጫነን ዊንዶውስ ማስነሳት አይችልም። ኦኤስ-ፕሮበርም ይሄን ስለሚያውቅ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሎጉን (የሥራ መዝገቡን) ሳየው የሌጋሲ ማስነሻዎችን እየዘለለ መሆኑን ጽፎታል። ቀድሜ ሎጉን ባነብ ኖሮ አንድ ሰዓት ይተርፈኝ ነበር።

ልጁ ይሄን አውቆ አልመረጠም። ባዮሱ ሁለቱንም መንገድ እንዲቀበል ተደርጎ ስለነበር ያው አንድ ፍላሽ በቡት ሜኑው ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ አንዱ ፊቱ ላይ "ዩኢኤፍአይ" የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። የመጀመሪያውን ነካው፣ በቃ።

የነበሩን አማራጮች

ዊንዶውሶቹን ወደ ዩኢኤፍአይ ማዞር አንድ ሐሳብ ነበር። ለዊንዶውስ 10 ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለ። ዊንዶውስ 7ን ግን አያዞርም። የተነካው ዲስክም የሰው ሒሳብ ያለበት ዲስክ ይሆናል። በሐምሌ ይሄን የሚሞክር ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ኡቡንቱን አጥፍቶ በሌጋሲ እንደገና መጫን ሁለተኛው ነበር። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ግን ልጁ በስልኩ ዳታ ያወረዳቸው ብዙ ጥቅሎች (የፕሮግራም ፋይሎች) እና የፕሮጀክት ሥራ ነበሩበት። ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥን፦ ኡቡንቱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ግራቡ ብቻ ወደ ሌጋሲ ይቀየር።

ሥራው

መጀመሪያ የፒችትሪን ዳታ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ላይ መሆኑንም አረጋገጥኩ። ከዚያ ሽፋኑን ፈትቼ የአሮጌውን ሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ነቀልኩት። ይሄን እንደ ሕግ ይዤዋለሁ። የዲስክ ስም ተሳስቼ ብጽፍ እንኳ የተነቀለ ዲስክ ላይ ማንም መጻፍ አይችልም።

ፍላሹን አሁን "ዩኢኤፍአይ" በሌለበት ስሙ አስነሳሁት። ኢኤፍአይ የሚለው ፎልደር አለመኖሩን አይቼ ቀጠልኩ።

ኤስኤስዲው ፓርቲሽኖቹን የሚመዘግበው ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ የሰንጠረዥ ዓይነት ነው። ሌጋሲ ግራብ ጂፒቲ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ የራሱ ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። ባዮስ ቡት ፓርቲሽን ይባላል፣ ዓይነቱ በኮድ ኢኤፍ02 ነው፣ 1 ሜጋባይት ይበቃዋል። ከየት ይምጣ? ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። ግን ከፊት ለፊት ሁልጊዜ የሚተርፍ ቁራጭ አለ። የመጀመሪያው ፓርቲሽን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሴክተር 2048 ነው፤ የጂፒቲ ሰንጠረዥ ደግሞ ሴክተር 33 ላይ ያልቃል። ከ34 እስከ 2047 ያለው ባዶ ነው። ኤስጂዲስክ በሚባለው መሣሪያ እዚያች ቁራጭ ላይ ፓርቲሽኑን ሠራሁት። ማንም ከቦታው አልተነሳም፣ አንድም ፋይል አልተንቀሳቀሰም። ከዚህ ሥራ ሁሉ የወደድኳት ይቺን ነው።

ቀጥሎ የተጫነውን ኡቡንቱ ከፍላሹ በተነሳው ኡቡንቱ ውስጥ ሆኜ ገባሁበት። ሥራው ቻሩት ይባላል። ግራብ-ፒሲ የሚባለውን ጥቅል ለማውረድ ስልኬን በገመድ አገናኘሁ። "አድራሻውን ማግኘት አልቻልኩም" አለኝ። ኔትወርኩን ረገምኩ። ሲም ቀየርኩ። መስኮት ዳር ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ከባከነ በኋላ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ፦ ወደ ውስጥ ስገባ ዴቭ፣ ፕሮክ እና ሲስን አገናኝቼ ረን የሚባለውን ፎልደር ረስቼዋለሁ። የኡቡንቱ የአድራሻ መፈለጊያ ፋይል የሚያመለክተው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። እሱን ሳገናኝ ጥቅሉ ወዲያው ወረደ፣ የዩኢኤፍአዩን ግራብ ተካው። ግራብ-ኢንስቶልን ኤስኤስዲው ላይ አስኬድኩ። "ስህተት የለም" ብሎ ጨረሰ።

ባዮስ ውስጥ ገብቼ ማሽኑ በሌጋሲ ብቻ እንዲነሳና ኤስኤስዲው እንዲቀድም አደረግኩ። የሳታ ገመዱን መለስኩ። ኡቡንቱ ተነሳ። የሜኑ ማደሻውን ሳስኬድ "ዊንዶውስ ተገኘ" የሚል አንድ መስመር ወጣ። ልጁ አጨበጨበ።

ሁለተኛው ሜኑ ያመጣው ጣጣ

"አንዱ ዊንዶውስ የት ሄደ?" አሉኝ ባለቤቷ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ግራብ የሚያየው የዊንዶውስን ማስነሻ እንጂ ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን አይደለም። ዊንዶውስ ሲባል ይዞ የሚያስረክበው ለሰማያዊው ሜኑ ነው፣ ሰባትና አሥርን የሚለየው ሰማያዊው ሜኑ ነው።

ሞከርነው። ከግራብ ዊንዶውስ፣ ከሰማያዊው ሜኑ ዊንዶውስ 7። ማሽኑ ሪስታርት አደረገና ግራብ ላይ ተመለሰ። ማንም ካልነካው ኡቡንቱ ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ 7 ለመግባት ዊንዶውስን ሁለት ጊዜ መምረጥ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱ ሰማያዊው ሜኑ ራሱ የዊንዶውስ 10 ክፍል መሆኑ ነው። እሱን ለማሳየት አሥር ግማሽ መንገድ ተነስቷል። ሌላ ሲመረጥ ያንን ትቶ ከዜሮ መጀመር አለበት። መፍትሔው ዊንዶውስ 10 ውስጥ በአድሚን ኮማንድ ፕሮምፕት ቢሲዲኤዲት በሚባለው ትእዛዝ የሜኑውን ፖሊሲ ሌጋሲ ማድረግ ነው። ሰማያዊው ሄዶ የድሮው ጥቁር የጽሑፍ ሜኑ መጣ። መልኩ አያምርም። ግን ሳይነሳ ይጠይቃል፣ የተመረጠውንም ወዲያው ያስነሳል።

ሌላ ያልተሳካልኝ ነገር የመጨረሻውን ምርጫ የማስታወስ ሴቲንግ ነው። ግራብ ትናንት የተመረጠውን ዛሬ ራሱ እንዲመርጥ አደረግኩት። ብልህ መስሎኝ ነበር። ልጁ ማታ ኡቡንቱ ሠርቶ ይሄዳል፣ ጠዋት ሠራተኞቹ ኡቡንቱ ላይ ይነቃሉ። በሁለተኛው ቀን አነሳሁትና ዊንዶውስን ቋሚ ምርጫ አድርጌ የ10 ሴኮንድ መጠበቂያ ሰጠሁት። ጥቁሩ ሜኑ ደግሞ ዊንዶውስ 7ን ያስቀድማል።

የ3 ሰዓቱ ነገር

ከሁለት ቀን በኋላ ባለቤቷ ደወሉ። "ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከፍቼ እሱ 6 ሰዓት ይለኛል። ሦስት ሰዓት ወደፊት ሄዷል" አሉኝ።

የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው ብዬ አዲስ ሲአር2032 ይዤ ሄድኩ። ቀየርኩት። በማግሥቱ ያው ነው። ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን ነው የሚመለሰው፣ ልክ ሦስት ሰዓት ቆርጦ አይሄድም። ይሄን አውቃለሁ፤ ግን በስልክ የሰማሁት ቃል መራኝ።

ስክሪኑን በዓይኔ ሳየው ገባኝ። የጻፈው ጠዋት 6:00 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ 3 ሰዓት የምንለው በፈረንጅ 9:00 ነው። እሳቸው 6ን እንደ እኛ ስድስት ሰዓት፣ እንደ ምሳ ሰዓት አነበቡት። ስለዚህ ሰዓቱ ወደፊት አልሄደም፣ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሦስት ሰዓት ደግሞ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት የምትቀድምበት ልዩነት ነው።

ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ልጁ ማታ ኡቡንቱ በሠራ ቁጥር ጠዋት ዊንዶውስ 7 ይሳሳታል። ኢንተርኔት ቢኖረው ራሱን ባረመ፤ ግን ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2020 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ የሌለውን ዊንዶውስ 7 ከኔትወርክ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

በኡቡንቱ በኩል «ታይምዴት-ሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» አልኩና የማዘርቦርዱን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲያነብ ሆነ። ኡቡንቱ ይሄን ሲያደርጉት ያስጠነቅቃል፤ ዋናው ስጋቱ በበጋና በክረምት ሰዓት የሚቀይሩ አገሮች ናቸው። እኛ አንቀይርም። የፒችትሪ ምዝገባዎችን ቀን አብረን አየን፣ አልተዛነፈም። በሦስት ሰዓት መቅረት ቀን የሚሳሳተው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነው፣ በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ማንም የለም።

በዚያው ቀን የዊንዶውስ 10ን ፋስት ስታርትአፕ አጠፋሁት። እሱ ሲበራ "ሻት ዳውን" ማለት ሙሉ መዘጋት አይደለም፤ ዲስኩ ግማሽ ተኝቶ ይቀራል። ኡቡንቱ እንዲህ ያለውን ፓርቲሽን ለንባብ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ልጁም ፋይል ማስቀመጥ አቅቶት ነበር።

ለሌላ ሥራ የምወስደው

እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ምን ተጫነ?" አይደለም። "እያንዳንዱ በየትኛው መንገድ ነው የሚነሳው?" ነው። ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ ተቀላቅለው ከሆነ የግራብን ሴቲንግ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። አዲስ የሚጭን ሰው ደግሞ ፍላሹ በቡት ሜኑ ላይ ሁለት ጊዜ ከታየ፣ በፊት የነበረው ሲስተም በየት እንደሚነሳ አይቶ ያንኑ ይምረጥ።

ኤፍ12 ሥራውን ካስቀጠለ ቀሪው አይቸኩልም። ጥገናውን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የሰውን ዲስክ ነቅሎ መሥራት ይቻላል። ዲስክ ለየብቻ መሆኑም እዚህ አድኖናል፤ ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ ቢሆን ኖሮ ገመድ መንቀል አይታሰብም ነበር።

ደንበኛ በስልክ "ሰዓቱ" ሲል ደግሞ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

አሁን ያለበት

ማሽኑ ሐምሌን ጨርሶ ጥቅምትንም ተሻገረ። የአሮጌው ሃርድ ዲስክ የጤና ሪፖርት የተበላሹ ሴክተሮች እያሳየ ስለሆነ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ ነግሬያቸዋለሁ፣ ቀን አልቆረጡም። ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ለጥፈዋል፦ "ጥቁር ስክሪን ሲመጣ አትደንግጡ። ምንም አትንኩ። ራሱ ይገባል።"